ዳገቱን በኋላ ማርሽ

ባፎር፣

መኪናዋን እንዳታስነሳት። ትናንት ተጎትታ ነው የገባችው። መካኒኩ ጠዋት ሲመጣ ምልክቶቹን አንተው ንገረው፤ ከእኔ ይልቅ ታውቃቸዋለህ።

ከሥሯ ያለውን ካርቶን አታንሳው፣ ቀይ ዘይት ታንጠባጥባለች። አዎ፣ «የካምቢዮ ዘይት ነው» ብለኸኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ በጎረቤት መኪና አሳበብኩ። ማርሽ ገብቶላት ቆይታ እንደምትነሳ፣ ሞተሩ እየጮኸ ጉልበት እንደሌላት፣ የተቃጠለ ነገር እንደምትሸት ስትነግረኝ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩ።

ትናንት አጎቶቼን ይዤ፣ ዱፊን ለጋብቻ ልጠይቅ የቤተሰቧን ደጅ ላንኳኳ ማምፖንግ ስሄድ፣ ዳገቱ ሥር ወደፊት የሚሄድ ማርሽ ጠፋ። የቀረን የኋላው ብቻ ነበር። ሦስት ሽማግሌዎች የክብር ልብሳቸውን ለብሰው፣ የስጦታውን መጠጥ ታቅፈው፣ ዳገቱን በጀርባችን ወጣነው።

አባቷ በር ላይ ቆመው፣ «ልጄን ልትጠይቁ መጣችሁ ወይስ ልትመለሱ ነው?» አሉ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

«ምነው ልጄ፣ መኪናዋ እንደታመመች የነገረህ ሰው የለም?» ሲሉኝ፣ «የለም» አልኳቸው።

አጎቴ ግን አልተወኝም። «ያ አብሮህ የሚኖረው ባፎርስ? ለምን አልመጣም?»

«ሥራ ይዞት ነው» አልኩ። ለምን እንዳልመጣህ እኔና አንተ እናውቃለን፤ ስላልጠራሁህ ነው።

መልሱን ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነግሩናል። እኔ በሚኒባስ ቀድሜያለሁ። ነጭ ልብስህን ተኩሼ አልጋህ ላይ አድርጌዋለሁ፤ እጅጌውን ትንሽ አቃጥዬዋለሁ። ለዱፊ አባት አንድ ሽማግሌ እንደቀረን ነግሬያቸዋለሁ።

ስሙን ሲጠይቁኝ ያንተን ሰጠሁ።

ኦፎሪ