የአባባ ከንፈርና አዲሱ መዝሙር

ዓርብ፣ ግንቦት 18 ቀን 1987፣ አል ዐይን

ከባድ ኃጢአት ሠርቻለሁ፤ መዝሙር እየተዘመረ አንገቴን አዙሬአለሁ። አባባ "ባንዲራ ፊት ዝንብ አፍንጫሽ ላይ ቢያርፍ እንኳን ንቅንቅ እንዳትዪ" እያለ እስከ አቡዳቢ ድረስ ሲመክረኝ ነበር። ግን ያዞረኝ ራሱ ነው።

አቡዳቢ፣ የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን በዓል ላይ አዲሱ መዝሙር በካሴት ተከፈተ። አባባ ደረቱን ነፍቶ አብሮ ይዘምራል። ካሴቱ ድምፁን ሲያስረዝም የሱ አፍ ይዘጋል። ካሴቱ አለቀ፤ የአባባ ከንፈር ግን ገና አልጨረሰም ነበር። ጠረጠርኩ። ይሄ ሰውዬ የደርጉን መዝሙር ነው የሚዘምረው!

ከፊቱ የቆመው እንግዳ ደግሞ የኤምባሲው ፓስፖርት አዳሽ ነው። የአባባ ፓስፖርት እሱ እጅ ነው ያለው። ካልታደሰ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የለም፤ ኢቃማ ከሌለ ኸላስ፣ ሁላችንም ወደ ደሴ። ሰውዬው ዞር ብሎ አባባን አየውና ፈገግ አለ። ምን ዓይነት ፈገግታ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አባባን የትኛውን መዝሙር እንደዘመረ ጠየቅኩት።

"አዲሱን ነዋ! አንቺ ደግሞ ፖሊስ ሆንሽብኝ?"

እሺ። አሁን ክፍሌ ገብቼ የድሮውን ጮክ ብዬ አንጎራጎርኩ። ደሴ አንደኛ ክፍል በየጠዋቱ ስለዘመርነው አልረሳሁትም። ሆን ብዬ አንዱን ስንኝ አበላሸሁት።

"ኧረ እንደሱ አይደለም!" አለ አባባ ከሳሎን። አስተካክሎ ቀጠለው፤ ያውም በሚያምር ድምፅ። መሃል ላይ ቀጥ አለ።

ሳቄን በትራስ አፈንኩት። ነጠላ ጫማው ወደ ክፍሌ በር ሲመጣ ይሰማኛል።

"ሙና!"