የላይኛው ኩሬ

ቅዳሜ፣ ጥር 16

እስካሁን ንዴቴ አልበረደም። ዛሬ ከአዲስ አበባ የመጡ አራት እንግዶችን የሁምቦን ተራራ አስጎበኘኋቸው። ስንወርድ ወንዙ ውስጥ መዋኘት የጉብኝቱ አካል ነው። ከመነሳታችን በፊትም፣ መንገድ ላይም ነግሬያቸው ነበር፤ የወንዙ የላይኛው ኩሬ ውኃ የሚጠጣ ነው፣ የሚዋኘው ከታች ነው። እዚህ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። አንደኛው ሰውዬ ግን «የላይኛው ለፎቶ ያምራል» ብሎ ከነፀሐይ ቅባቱ ዘሎ ገባበት።

ዳር ላይ ጀሪካን እየሞሉ የነበሩ አንዲት እናት የቀዱትን ውኃ መሬት ላይ ደፉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በወላይትኛ፣ «ልጄ፣ አንቺ የዚህ አገር ሰው አይደለሽም እንዴ?» አሉኝ።

ጀሪካኑን ተቀብዬ ከኩሬው በላይ እስካለው ምንጭ ድረስ ወጣሁና ሞልቼ አመጣሁላቸው። ስመለስ ሰውዬው ሰዓቱን እያየ፣ «ግማሽ ቀን ነው አልሽን እኮ፤ ረፈደብን» አለኝ። የእኚያ እናት ቀን ቀን አይደለም?

ሲሰናበተኝ ደግሞ በሚመጣው ቅዳሜ ጓደኞቹን ይዞ እንደሚመጣ ነገረኝ። ለዚያው ለላይኛው ኩሬ። እሺ አላልኩትም። እምቢም አላልኩትም። ከሁሉ ያናደደኝ ይሄ ነው።