የእድራችን ድንኳን

ጥቅምት 6

ከሰዓቱን ወረዳ አዳራሽ ዋልኩ። የነዋሪዎች ጥያቄና መልስ ተብሎ። ግማሹ ሰው ለመጠየቅ ሳይሆን ለማማረር ነው የመጣው፤ እኔም አንዷ ሳልሆን አልቀርም። ከጎናችን ያለው ግሮሰሪ ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ ይለቃል፣ ለማን እንናገር? የተንጋደደ አጥር ለማቃናት ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ? እሳት አደጋ 939 ሲደወል ካርድ ይበላል? ባለቤት የሌለው ውሻ ቢነክስ ማን ይጠየቃል? ከደንብ ማስከበር የመጣ ሊካሳ የሚባል ልጅ ሁሉንም ረጋ ብሎ መለሰ። አንዷ ሴትዮ ስለ ውሻው ደጋግማ ጠየቀችው። ደጋግሞ መለሰላት። እኔ ብሆን ጮኬባት ነበር።

የእድራችን ጸሐፊ ነኝና የራሴን ጥያቄ ይዤ ነበር የሄድኩት... ሰው ሲሞት ድንኳን የት እንትከል? ቀድመን ማሳወቅ እንዳለብን፣ ድንኳኑም መኪና የሚያሳልፍ ቦታ መተው እንዳለበት ነገረኝ። የኛ መንገድ እኮ ራሱ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው አልኩት። አዳራሹ ሳቀ። ልጁ አልሳቀም።

«እንግዲያው እዚያ መንገድ ላይ አይተከልም ማለት ነው፣ እማማ» አለኝ።

እማማ! ጡረታ ወጣሁ እንጂ መች አረጀሁ?

ቤት ገብቼ ለወንድሜ ለጋሼ ነገርኩት። ለማን ልነግር? የእድሩን ድንኳን ዕድሜ ልኩን የተከለው እሱ፣ ዘአማኑኤል ነው። ስትሮክ ግራ ጎኑን ይዞበት እኔ ጋ ከገባ ወዲህ እንኳ፣ ወንበር አስወጥቶ ተቀምጦ ካልመራ ድንኳን አይቆምም። ሳቀብኝ። «ከገላን፣ ከአራብሳ ለቅሶ የሚመጣው ሰው ቤቱን በምን ሊለየው ነው?» አለ። ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ ከአባሎቻችን ግማሹ እዚያ ነው ያለው። ቂርቆስ የቀረነው እኛ ነን። ድንኳኑን ሲያዩ ነው እነሱም ሰፈራቸው የገቡ የሚመስላቸው... እውነቱን ነው መቼም።

ጥቅምት 9

ግሮሰሪው ትናንትም አላስተኛንም። አዳራሹ ውስጥ ስልኩን ሰጥቶን ነበርና ለሊካሳ ደወልኩ። አነሳ! ወይ ጉድ።

ጥቅምት 21

አቶ ዋቅጅራ አረፉ። ከኛ ሁለት ቤት አልፎ ነው ቤታቸው። ከታመሙ ሰንበት ብለው ነበር፤ ቢሆንም ሞት ሁሌ ድንገት ነው።

ድንኳኑ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተተከለ። አዲሱ ሸራ ነው። ጋሼ ወንበሩ ላይ ሆኖ በደህናው እጁ እያመለከተ፣ ይሄን ሳብ፣ ያን ላላ... ልጆቹ ይሯሯጡለታል። ደስ ብሎታል ማለት በለቅሶ ቀን ነውር ነው። ግን ደስ ብሎታል።

የእድሩን ሊቀመንበር አቶ አብርሃን ጠጋ ብዬ ወረዳ የሰማሁትን ነገርኩት። አሁን ይሄ ሬሳ ፊት ይወራል ወይ ብሎ ገላመጠኝ። ተውኩት። እኔስ ብሆን ባለቤታቸውን እትዬ ቡዜን ምን ልላት ነው? ለባልሽ ድንኳን የለም?

ጥቅምት 23

ከየት ልጀምር... ቢፍቱ ቤት ተቃጠለ።

የመንገዱ መጨረሻ ያለችው ክፍል ናት፤ ተከራይታ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። ለለቅሶተኛ የሚሆነውን ወጥ ሁላችን ተካፍለን ነበር የምንሠራው። የሷ የጋዝ ሲሊንደር አፈተለከ። ልጇ ትምህርት ቤት ነበረች፣ ተመስገን።

939 ደወልኩ። ከመቼው ደረሱ! መኪናው ግን ድንኳኑ አፍ ላይ ቆመ። ቱቦው እስከ ቢፍቱ ቤት አይደርስም፣ ይሄን አንሱልን አሉ። ሰዉ አግዳሚ እየገለበጠ ወጣ። ልጆቹ ቢላ ይዘው መጥተው ገመዱን ሊቆርጡ ሲሉ ጋሼ ጮኸ።

«አትቁረጡ! ይፈታል!»

ከወንበሩ ተነሳ። ያንን እግሩን እየጎተተ ሄዶ በአንድ እጁ ቋጠሮውን ይፈታ ጀመር። ቢላ የያዙት ልጆች ቆመው ያዩታል። የእድር ገመድ አይቆረጥም ብሎ ያስተማራቸው እሱ ነው። አቶ አብርሃ ራሱ ቆሞ ያያል። እኔም ቆሜ አያለሁ። ጋሽ ዘአማኑኤልን ማን ይገፋል? ከኋላችን ጭሱ ጠቁሮ ይወጣል፣ ሴቶቹ ይጮኻሉ፣ እኛ ቆመን አንድ ሽማግሌ ገመድ ሲፈታ እናያለን።

አንዱን ፈትቶ ወደ ሌላው ሲሄድ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ትከሻውን ይዞ ዞር አደረገው። ከዚያ ቆረጠ፣ ቆረጠ፣ ቆረጠ። ሸራው ወደቀ። መኪናው አልፎ ገባ።

ቢፍቱ ስፌት መኪናዋን ላውጣ ብላ ተመልሳ ገብታ ነበር። እኛ ስንዘገይ ጊዜ። ቀኝ እጇ...

ጥቅምት 24

ሆስፒታል ሄጄ አየኋት። እጇ እስከ ክርኗ ተጠቅልሏል። ጣቶችሽ ይንቀሳቀሳሉ ወይ አልኳት። ትንሽ ትንሽ አለች። ልጄን ማን እያበላት ነው ብላ ጠየቀችኝ። እትዬ ቡዜ አልኳት። ባሏን በቀበረች ሰሞን!

ጋሼ ምሳውን አልነካም።

ጥቅምት 30

ጋሼን ማንም ምንም አላለውም። እሱ ነው የባሰው። በኛ ሰፈር የተቀየመህ ሰው አይናገርህም፣ ሰላምታውን ያሳጥርብሃል እንጂ። ድሮ ልጆቹ ወንበሩን ከበው ኳስ ያወሩለት ነበር፤ ስታዲየም ጨዋታ ካለማ ደጃችን ቦታ አይገኝም። አሁን «ደህና ዋሉ ጋሼ»... ያልፋሉ።

ዛሬ ወንበሩን ይዤ ስወጣ «ተይው፣ ፀሐዩ በዝቷል» አለኝ። ደመና ነበር እኮ።

ልናገረው ይገባ ነበር? ምን ብዬ? እኔም እኮ ቆሜ ሳይ ነበር።

ኅዳር 8

የእድሩ ስብሰባ። ነገሩን እኔ አነሳሁት። ከእንግዲህ መንገዱ ላይ ድንኳን አይተከልም፤ ወንበር በአንድ በኩል ግድግዳ ተጠግቶ ይደረደራል፣ መሃሉ ክፍት ይሆናል። ዝናብ ሲሆንስ? ጥላ። ፀሐይ ሲሆንስ? እሱም ጥላ። አንድም ሰው አልተቃወመም። ሁሉም እጁን አወጣ፣ ከገላን የመጡትም ሳይቀሩ። ጋሼ አልመጣም ነበር።

ደንቡን ጽፌ ሳበቃ አቶ አብርሃ «እሺ፣ ከማን ይጀመር?» አለ። አንዱ «ከሚሞተው ነዋ!» ብሎ ሰዉን አሳቀው። ከዚያ ግን ሳቁ ጠፋ። ሁሉም የየራሱን በሽተኛ እያሰበ እንደሆነ ያስታውቃል። ለሌላው ሰው ጥሩ ደንብ ነው... የመጀመሪያው መሆን ነው የከበደው።

እኔም ቤቴ ውስጥ ማን እንዳለ አውቃለሁ።

ኅዳር 9

ጋሼ ሰምቷል። ማን እንደነገረው አልጠየቅኩም፤ ሰፈሩ ሬዲዮ ነው።

ቁጣ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣም። ሻዩን ጨረሰና «የኔስ፣ ጦቢያ?» አለኝ። ያልገባኝ መሰልኩ። ስንቱን የሰፈር ሰው በድንኳን ሸኘሁ፣ ለኔ ሲሆን ይቅር? አለ። ደንብ ነው፣ ለሁሉም ነው፣ ወረዳውም... ማለቴ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስቀባጥር አቋረጠኝ።

«ለሌላ ሰው ቢቀር ደንብ ነው ይባላል። ለኔ ቢቀር ግን ፈረዱበት ነው የሚባለው። ቢፍቱን ያስቃጠላት እሱ ነው፣ ድንኳን ከለከሉት ነው የሚባለው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ስሟን ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። ዓይኑን አላነሳም። ደህናው እጁ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ ይጠቀልላል፣ ይፈታል።

«ትተክዪልኛለሽ?»

«እሺ» አልኩት።

ምን ልበለው? ትናንት በገዛ እጄ ደንብ ጽፌ፣ ዛሬ እሺ። ለመኖር ብዙ ጊዜ አለው ብዬ ነው? ወይስ ያን ፊቱን ላለማየት?

ኅዳር 26

ቢፍቱ ተመለሰች። ጎረቤት ተረባርቦ ጣሪያውን መልሶላታል፣ ግድግዳው ገና ጭስ ጭስ ይላል። ልጇ ከእናቷ ቀሚስ አልላቀቅ ብላለች። የቢፍቱ ጣቶች መርፌ መያዝ ገና እንቢ ብለዋታል፤ ማሽን ቢገኝ በግራ እለምድ ይሆናል ትላለች።

በደጃችን ስታልፍ ጋሼን ሰላም አለችው። ክፋት የላትም። እሱ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ። ክር የሌለው ጫማ ነው ያደረገው። እስክታልፍ እንዳጎነበሰ ቆየ።

ሁለቱም አንጀቴን በሉኝ።

ታኅሣሥ 12

ጋሼ አረፈ። ጠዋት፣ ፊቱን ሳሳጥበው። ፎጣ ላመጣ ዞር አልኩ። በቃ።

ታኅሣሥ 16

ሠልስቱ አለፈ። ቤቱ ጭር ሲል ነው ለመጻፍ የቻልኩት።

ሬሳው ከቤት ሳይወጣ ነው አቶ አብርሃ የመጣው። «ለዘአማኑኤል ካልተተከለ ለማን ሊተከል ነው? ደንቡ ከሚቀጥለው ይጀመር» አለኝ። ኮሚቴው በሙሉ ተስማምቷል። ልጆቹ ሸራውን ተሸክመው ደጅ ቆመዋል፤ ያኔ ቢላ ይዘው የነበሩት ናቸው፣ አንዱ ያለቅሳል። ሊካሳ እንኳ ለለቅሶ መጥቶ፣ ለዛሬ ብቻ ከሆነ ኃላፊዬን ልጠይቅልዎት አለኝ። ማንም የከለከለኝ የለም። ሁሉም በር ተከፈተልኝ። እሺ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፣ እግዜር ያውቃል። ለወንድሜ እሺ ብየዋለሁ እኮ።

ቢፍቱ ገባች። በዚያ እጇ አቀፈችኝ። አልቅሰን ስናበቃ «ትከሉላቸው፣ እትዬ ጦቢያ። እኔ በሳቸው ቂም የለኝም» አለችኝ። ሰው ሁሉ ሰማ። እፎይ አለ። እኔም እፎይ አልኩ።

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ማንም ሳይሰማ...

«ልጄ ስትተኛ ግን... ማታ ማታ ይነሳል?»

ልመና አልነበረም። ዝም ብላ ነው የጠየቀችኝ፣ ውሃ መቼ ይመጣል እንደሚባለው። መንገዱ መጨረሻ ላይ ከልጇ ጋር የምትተኛው እሷ ናት። ከድንኳኑ ወዲያ።

አልቻልኩም። ሸራውን መልሱ አልኳቸው። አቶ አብርሃ አዘንኩ ብለሽ አእምሮሽን አትሳቺ አለኝ። መልሱ አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው በሬሳ ፊት የጮኽኩት። የጋሼ ሬሳ ፊት።

ወንበሮቹን በአንድ ግድግዳ ደረደሩ። ከአራብሳ የመጡት ቤቱ ጠፍቷቸው እስከ ዋናው መንገድ ተመልሰው ሄደው ነበር አሉ። ፀሐዩ ጠንካራ ነበር። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀመጡ። አንድ ሰው ለሌላው ሲያንሾካሹክ ባየሁ ቁጥር «ፈረዱበት» የሚል ይመስለኝ ነበር። ሦስቱንም ቀን። አንድ ጊዜ ተነስቼ ልናገር ዳድቶኝ ነበር... ወንድሜ መጥፎ ሰው አልነበረም፣ የደነገጠ ሰው ነው ልል። እትዬ ቡዜ ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

አሁን አልጋው ባዶ ነው። ይቅር በለኝ አልኩት። ማን ሊመልስልኝ ነው?

ጥር 4

ደጃፌን ስከፍት ሰዉ ሰላምታውን አያሳጥርብኝም። ያረዝምብኛል እንጂ። ምን ማለታቸው ነው? አዝነውልኝ ነው? አፍረውልኝ?

ለቢፍቱ ያገለገለ ስፌት መኪና ተገኘላት። እድሩና እትዬ ቡዜ ናቸው። የጋሼን ስም አላነሱም፣ እኔም አላነሳሁም።

ጥር 27

የአቶ አብርሃ እናት አረፉ።

ስደርስ ሰዉ ገና እየተሰበሰበ ነው። ከክፍለ ሀገር የመጡ ዘመዶቻቸው ግቢ በራፍ ላይ ተቆጥተው ቆመዋል፤ ይሄን የመሰሉ አሮጊት፣ የእድር ሊቀመንበር እናት፣ ለምንድነው እንደ ውሻ ያለ ድንኳን የሚሸኙት? ገንዘብ ከቸገራችሁ እኛ እንከራያለን ይላሉ። በስተኋላ ተሸሸግሁ። ደንቡን የጻፈችው ያቺ ናት ብለው እንዳይጠቁሙኝ። አቶ አብርሃ ራሱ፣ እናቱ ናትና ልቡ ይከዳዋል ብዬ ነበር። ቢከዳው አልፈርድበትም።

አቶ አብርሃ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ ወጣ። ዓይኑ ደም መስሏል። ዘመዶቹን አዳመጣቸው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣

«ለዘአማኑኤል ያልተተከለ ለኔ እናት ይተከላል?» አለ።

 የሰፈሩ ሰው በሙሉ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ልጆቹ ሳይታዘዙ ወንበር ይደረድሩ ጀመር፣ በአንድ በኩል፣ ግድግዳውን አስጠግተው። እንግዶቹ አንዱን ይዘው «ዘአማኑኤል ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ሰማሁ። ልጁ ምን እንደመለሰላቸው አልሰማሁም። ብቻ ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ።

ቢፍቱ ልጇን ይዛ በመሃል መንገዱ አለፈች፣ ጎንበስ ሳትል።

ሮጬ ቤት ገባሁ። ከጋሼ ቀብር ወዲህ እንዲህ አላለቀስኩም። ፈረዱበት ይባላል ብሎ ነበር የፈራው። እኔም ፈርቼለት ነበር። አሁን እድሩ ውስጥ ስሙን ሳይጠራ ደንቡን የሚያነሳ ሰው የለም፤ ስሙንም የሚጠሩት እንደ ትልቅ ሰው ነው።

ግን ጋሼ ይሄን አልሰማም። እሱ ይዞ የሄደው የኔን እሺ ነው።