ከሮዝ አበባ ዘር የወጣው ቀይ

አክስታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. በወንዝ ዳር ሰፈር ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ቦታ መርጋት ስለማይሆንላቸው፣ እናታቸው ጠዋት ማታ የሚሉት "ቁጭ በይ!" ቅጽል ስማቸው ሆኖ ቀረ።

በእርሻ ኮሌጅ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቀው፣ በ1970 ዓ.ም. በአንድ የአበባ ችግኝ ጣቢያ የማዳቀል ሥራ ኃላፊ ሆነው ተቀጠሩ። እዚያም ቀይ አበባ ከነጭ ሲያዳቅሉ የበቀለው ሁሉ ሮዝ ቀለም ሆነ። በደስታ የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው፤ ሳይውሉ ሳያድሩ የሮዙን ዘር ለገበያ አወጡ።

በዚያው ዓመት ያገቧቸው የሥነ ሕይወት መምህሩ ባለቤታቸው ግን ሰጉ። "ተይ፣ አትቸኩዪ። አንዱ ቀለም ሌላውን አሸንፎ አላጠፋውም። ቀዩም ነጩም ሮዙ ውስጥ አሉ፤ ነገ ልጆቹ ላይ ይወጣሉ" ቢሏቸው፣ "አንተ ጠመኔህን ያዝ!" ብለው ወደ ችግኛቸው ሮጡ።

የገዢዎች አበባ ሲፈነዳ ገሚሱ ሮዝ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ነጭ ሆኖ አረፈው። ደንበኛ ሁሉ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁም "ዘር ደባልቃለች" ብለው ዘር ለቃሚዋን፣ ያለ አባት ልጆች የምታሳድገውን ሴት፣ ሊያባርሩ ተነሡ። አክስታችን ይህን ሲሰሙ ቁርሳቸውን ጥለው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡ። "እሷ አንዲት ፍሬ አልደባለቀችም። ዘሩ ውስጡ ያለውን ነው ያወጣው፤ የሳትኩት እኔ ነኝ" አሉ። ሴትዮዋ በሥራዋ ቀጠለች፤ እሳቸው ከኃላፊነታቸው ተነሥተው ውኃ ማጠጣት ላይ ተመደቡ።

ተቀያሚ አልነበሩም፤ ማረፍም አልቻሉም። ከሮዙ ተክል ለጋ ቅርንጫፍ እየቆረጡ ይተክሉ ጀመር። ከቅርንጫፍ የበቀለው ያው እናቲቱ ራሷ ናትና ቀለሙ አልተከፈለም። ያንን ችግኝ ተሸክመው የእያንዳንዱን ደንበኛ በር እያንኳኩ "ይቅርታ፣ ይኸኛው አይከዳችሁም" እያሉ በእጃቸው ተከሉላቸው። በ1976 ዓ.ም. ወደ ኃላፊነታቸው ተመለሱ፤ በጡረታ እስኪሰናበቱም ባለቤታቸውን ሳያማክሩ አንድም አዲስ ዘር አላወጡም።

ልባቸው ታሞ ሐኪም ዕረፍት ሲያዝላቸው "ዕረፍቱን ለሐኪሙ ስጡት" ብለው አሳቁን። ሕክምናቸውን ሲከታተሉ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በ68 ዓመታቸው፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ እንደ እናቷ የማትረጋ ሴት ልጃቸውን፣ እንደ አባቱ የሰከነ ወንድ ልጃቸውንና ሦስት የልጅ ልጆች ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደጉ ስፍራ ያኑርልን፤ ለእኛም ጥፋታችንን በሰው ላይ የማንጭንበትን ድፍረት ይስጠን።