አውቶቡሱን ያቆመ ምርቃት

ሚጣዬ፣

ወደዚህ ሰው አገር ከመጣሁ ጀምሮ የተለጎመው አፌ ዛሬ ተፈታልሽ። የሰፈሩ አውቶቡስ ሾፌር ነገ ጡረታ ይወጣሉ። ልወርድ ስል ያንን የሳቅሽበትን የስፓኒሽ የምኞት ግስ መዘዝኩና «ኬ ዴስካንሴ» አልኳቸው፤ «ይረፉ» ማለቴ ነው። ፈገግ አሉ። በእናትሽ ምርቃት ያደገ ሰው ደግሞ በአንድ አያቆምም። በሩ ላይ ቆሜ፣ እጄን ዘርግቼ፣ «ኬ ካንቴ፣ ኬ ባይሌ» ብዬ ቀጠልኩ፤ ይዝፈኑ፣ ይጨፍሩ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፉ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ «አሜን» ስትል አውቶቡሱ ሁሉ ተከተላት።

«ጨረስሽ?» አሉኝ ሾፌሩ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«ገና ነኝ» አልኳቸው።

ፖስትካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ፤ በምርቃታቸው እዚህ ድረስ መጥተው አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ከሥራ አስረፍደዋል በያቸው።