ለካሜራው መዞሪያ የሚሆን ቡሽ

ኅዳር 3፣ ሰኞ ማታ

ካሜራ ማዞሪያዬ ዛሬም ተንቀጫቀጨ። ቱቦው በቱቦው ውስጥ ሲዞር ብረት ብረትን ይፍቃል። ሞተሩ፣ ያው ከተበላሸ ማይክሮዌቭ የፈታሁት፣ ይጎትታል፣ ይቆማል፣ ይዘላል። ምስሉም አብሮት ይዘላል። በሁለቱ ብረቶች መሀል የሚገባ ቀለበት፣ ቡሽ የሚሉት፣ ያስፈልጋል። ነሐስ? ናይለን? ቴፍሎን? እኔ እንጃ፣ ማስታወሻዬ። የሰው ሠርግ ቪዲዮ ኤዲት እያደረግሁ የምኖር ሴት ነኝ፤ መካኒክ ያደረገኝ የእማዬ ጥያቄ ነው።

ዛሬም ጠየቀች። ግቢያችንን አሳዪኝ። ስትሮክ ከመታት ወዲህ ቡልጋሪያ ሰፈር እኔ ጋ ናት። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም፣ እግሯ አይታዘዝ። የካዛንቺሱ ግቢ ደግሞ ሊፈርስ ነው። በስልኬ እየዞርኩ ቀርጬ ባሳያት ራሴን አዞርሽው ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ፎቶውን ቁርጥራጭ አለችው። የምትፈልገው በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ታየው እንደነበረው ነው፤ ከበር ወደ በር፣ ቀስ ብሎ፣ ዙሪያውን። ዶ/ሩም የምታውቀውን ነገር አሳዪያት ብሏል። ትናንት የአባቴ ስም ጠፋት። ፈርቻለሁ።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ከሥራ ሹልክ ብዬ ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት። ባለ ማሽኑ ማቲ ነሐስ ይሻላል አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ ማለቴ፣ ናይለንም አይከፋም አለ። በቃ እሱም እንደኔው ነው። ነሐስ አሠራሁ።

ግቢው መሀል ተከልኩት። ዞረ! ጎረቤቶቻችን፣ ወ/ሮ አልማዝ ልብስ ስታሰጣ፣ ጋሽ ከድር በራቸው ላይ ቆመው እጃቸውን ሲያነሱ፣ ሁሉም ገባ። ቤት መጥቼ ስከፍተው ሲጢጥ፣ ሲጢጥ። ሌላ ድምፅ አይሰማም። እንዲህ ያለውን ለእማዬ አላሳይም። አጠፋሁት።

ኅዳር 9፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ስቄ አለቀስኩ። ስሚኝ።

ጋሽ ከድር ከወሎ መጥተው ግቢያችን የገቡት እኔ ሳልወለድ ነው። ልብስ ሰፊ ነበሩ። የእማዬ ወንድም ማለት ናቸው፤ በእሷ ጾም እሷን ሲያስቡ፣ በእሳቸው ጾም እሷ ስታስባቸው የኖሩ። ትናንት ደውዬ፣ ጋሼ፣ ዕቃ ሲሸክፉ የማይፈልጉት ቡሽ ካገኙ ያስቀምጡልኝ አልኳቸው። የስፌት ማሽናቸውን ቡሽ ማለቴ ነው። እሳቸው የጠርሙስ ቡሽ ሰሙ።

ዕድሜ ልካቸውን ደጃፉን ረግጠው የማያውቁት ግሮሰሪ ገቡ! ጠጪው ሁሉ ዞሮ አያቸው አሉ። ባለቤቱ የወይን ቡሽ ሰጣቸው። በሶፍት ጠቅልለው ሰጡኝ። "ደጋግሜ አጥቤዋለሁ፣ ልጄ። ለእናትሽ ከሆነ ምን ነውር አለው" አሉኝ።

ምን ልበል? አይ ጋሼ፣ እሱ አይደለም ልበል? በሳሁት፣ አስገባሁት። ቡሽ አንቆ ይይዛል እንጂ አያዞርም። ካሜራው እሳቸው ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ቪዲዮው ሙሉ ጋሽ ከድር ብቻ ነው፤ ሌንሱን እያዩ እስኪዞር ይጠብቃሉ። ካርዱ ሞልቶ ነበር፣ ለሠርግ ያስፈልጋል። እሱንም አጠፋሁት።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

ሰኞ ግቢውን የቀረጽኩበት ናይለን ለቀቅ ያለ ነው። ካሜራው እንደ ሰካራም ይወዛወዛል፤ ጎረቤቶቹ ያሉበትን ያንንም አጠፋሁት። ማቲ አሁን ደግሞ ቴፍሎን ይላል። ሲሠራልኝ ግማሽ ቀን አለፈ።

ከዚያ ወደ ግቢው። የጋሽ ከድር በር ተነቅሏል። ጠዋት ጭነት መኪና መጥቶ ወሰዳቸው፤ እኔ ቶርኖ ቤት ተገትሬ። ወ/ሮ አልማዝም ከትናንት በስቲያ ሄዳለች። ማንንም አልተሰናበትኩም። 

ኅዳር 16፣ እሑድ፣ ከሰዓት

ግቢው መሀል ተከልኩት፣ ተሳካ። ቴፍሎን። ድምፅ የለ፣ መዝለል የለ። ውሃ ላይ እንዳለ ነገር ይዞራል። እንዲህ የሚያምር ነገር በእጄ ሠርቼ አላውቅም።

ማታ

እማዬን በትራስ ደግፌ አስቀመጥኳት፣ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ። ዞረ። የእኛ በር፣ የወ/ሮ አልማዝ በር፣ የጋሽ ከድር በር። ማለቴ በሮቹ የነበሩበት ቀዳዳ። አላዞራትም፣ ዓይኗንም አልጨፈነችም። እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ በጨዋ ደንብ፣ እንግዳ ሰው እንደምታናግር፣ "ጥሩ ግቢ ነው። የማን ነው?" አለችኝ።

የእኛ ነው አልኳት። ፈገግ አለች። ሊያታልሏት እንደሆነ ያወቀች ሰው ፈገግታ። "አይደለም። የኛ ግቢ ሰው አለው።"

ማስታወሻዬ፣ ሰው ነበረው። ሲጢጥ ከሚለው ጋር ነበረ፣ ከሚወዛወዘው ጋር ነበረ። እኔ ነኝ እየለቀምኩ ያጠፋሁት። ፋይሎቹን ለማስመለስ ሞከርኩ፤ በላያቸው ላይ የሰው ሠርግ ተቀርጿል። ሙሽሪት ስትጨፍር ታየኝ።

ኅዳር 17፣ ሰኞ፣ ከሥራ በፊት

እንቅልፍ የለም። ለጋሽ ከድር ደወልኩ፤ የገቡበት ሩቅ ነው፣ ታክሲ መቀያየር አለው። ጉልበታቸውንም አሟቸዋል። ያም ሆኖ እመጣለሁ አሉ፣ አላንገራገሩም።

ዛሬ ከሥራ እቀራለሁ። ሄጄ አመጣቸዋለሁ፣ ደረጃውን ደግፌ አወጣቸዋለሁ፣ አጠገቧ ይቀመጡ። ካሜራ አላወጣም። ካላወቀቻቸው ከድር ናቸው እላታለሁ፣ ልብስ ሰፊው፣ ወንድምሽ። ደግማ ከጠየቀች ደግሜ እነግራታለሁ። እሱን እችላለሁ። ግን ወደ እኔ ዞር ብላ፣ አንቺስ የማን ልጅ ነሽ ካለችኝ…