በጭብጨባ የተመረጠው

እሑድ፣ ግንቦት 23 ቀን 1979

ዛሬስ ምላሴን ቆርጬ ብጥል ደስ ባለኝ።

የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሊቀመንበር ይመረጥ ተብሎ ተሰበሰብን። እኛ የፈለግነው ጨርቅ ነጋዴውን ጋሼ ሰይድን ነው። ንፋስ የገነጠለውን ጣሪያ ግማሹን በገዛ ቆርቆሯቸው ያለበሱት እሳቸው ናቸው። እህቴ እቴነሽ የምትማረው ባልተከደነው በኩል ነው፤ ክረምቱ ደግሞ ደረሰ።

ስብሰባውን የሚመራው የፓርቲ ካድሬ ተነሳና፣ "የፓርቲ አባል ያልሆነ አይጠቆምም" አለ። የራሱን ሰው ጓድ ታደሰን ጠቆመ። ሰውዬው እዚያ የሚያስተምረው ልጅ እንኳ የለው! ቆርቆሮ ለመምታት አባልነት ምን ያደርጋል?

አላስችል አለኝና ብድግ አልኩ። "ጓድ ሰብሳቢ፣ ዝናቡም አባል ነው መሰል፤ ማንም ሳይጠቁመው ክፍል ገብቶ ይቀመጣል!"

ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ አጨበጨበልኝ። እኔ ጅሉ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። ካድሬው ጭብጨባው ሳይበርድ፣ "ጓድ ታደሰ በጭብጨባ ተመርጠዋል!" ብሎ ስብሰባውን በተነው።

ጋሼ ሰይድ ሲያልፉ፣ "አንተ ቀልደኛ፣ ደህና አድርገህ አስመረጥክልን" አሉኝ። ፊታቸው ላይ ሳቅ አልነበረም።

ቤት ስገባ እቴነሽ እየዘለለች መጣች።

"ጭብጨባው እዚህ ድረስ ተሰማ! ጋሼ ሰይድ ተመረጡ አይደል? የሰኔን ፈተና ሳልበሰብስ ልፈተን ነዋ!"

በሁሉ የማሾፈው ሰውዬ፣ "እራት ደርሷል?" ብዬ አለፍኳት። እስካሁን አልነገርኳትም።